ሟቿ ትርንጎ ቤት የሰነበተች ጊዜ

ትርንጎ «በር ዝጊ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም አይታ «ሴትዮዋ አታስፈራም» ባለች ማግስት፣ የፊልሙ ሟች ራሷ ቤቷ መጣች።

ጠዋት ነበር። ትርንጎ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። የግቢው በር ተንኳኳ። ሄዳ ስትከፍት ሟቿ ቆማለች። ልክ ፊልሙ ውስጥ እንዳለችው ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጫማ አላደረገችም፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዶ ውኃ ያንጠባጥባል። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ትርንጎ» አለች ሟቿ።

«ይመስገን። እንደምን አደርሽ።»

«ትናንት ከአዳራሹ ስትወጪ የተናገርሽውን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ትርንጎ የተናገረችውን አልረሳችም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ሲኒማ ቤት፣ ቲኬት ቆራጩ አቶ ተካልኝ ፊልም ባለቀ ቁጥር በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይላል። አንዱ «አሪፍ ነው» ይላል፣ አንዱ «ከባለፈው ይሻላል» ይላል፣ አንዱ ስልኩን እያየ ዝም ብሎት ያልፋል። ትርንጎ ነጠላዋን እያስተካከለች «ሴትዮዋ አታስፈራም። ትጮሃለች እንጂ» አለችውና ባጃጅ ያዘች። ከዚህ የተለየ ነገር አልወጣትም።

«ሰው ፊት በማለቴ ከፍቶሽ ከሆነ ይቅርታ» አለች።

«አልከፋኝም። ሌላው ሰው ያለውንም ሰምቻለሁ። "አሪፍ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ያንቺው ግን ገባኝ። እስኪ በደንብ እንድትነግሪኝ ብዬ ነው።»

ወሎ ውስጥ በር ላይ የቆመን እንግዳ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይሉትም፤ መጀመሪያ ያስገቡታል። ትርንጎም አስገባቻት። ሳሎን ከወንበር ላይ አስቀመጠቻትና፣ የፀጉሯ ውኃ ምንጣፉን እንዳያበሰብሰው ሳፋ አምጥታ ከሥሯ አደረገችላት። ቁርስ አቀረበችላት። እንግዳዋ እጇን ታጠበች፣ ግን አልበላችም።

«ስምሽን ማን ልበል?»

«ፊልሙ መጨረሻ ላይ "ሟች" ተብሎ ነው የተጻፈው።»

«እሱማ ስም አይሆንም» አለች ትርንጎ። ከዚያ ወዲያ እንግዳዬ ስትላት ቆየች።

ትርንጎ ሐሳቧን አብራሪ ተብላ አታውቅም ነበር። ሱሪ የሚያሳጥሩት ሰዎች ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቋታል፤ ባሏ እንድሪስ ምሳ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃታል። አሁን ስትጠየቅ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና እያሰበች ተናገረች።

«አንደኛ፣ ትሮጫለሽ። የሚሮጥ ሰው አያስፈራም። ሰው ሲሮጥ ያየ "ምን ሆና ይሆን?" ይላል እንጂ አይደነግጥም። ደግሞ በመስኮት ትገቢያለሽ። የሞተ ሰው ቤቱን ያውቀዋል፤ ለምን በመስኮት ይገባል? በበር ነው የሚገባው።»

«ጩኸቱስ?»

«ጩኸት ሰኞ ገበያም አለ።»

እንግዳዋ አቀረቀረች። ፀጉሯ ሳፋው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«አንቺን ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» አለቻት።

ትርንጎ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ነቀለች። «እንጃ። ቆይቼ እነግርሻለሁ» አለች።

«እጠብቃለሁ» አለች እንግዳዋ። በዚሁ ሰነበተች።

እንድሪስ ዕድሜውን የጨረሰው ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። መሪውን ከተወ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ ሱፍ ይፈለፍላል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮሜዲ ያያል። ትርንጎ እሑድ ከሰዓት አስፈሪውን ታያለች። አብረው ሄደው አያውቁም። ማታ እራት ላይ ያዩትን ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ውጪ ያላቸው ወሬ ጥቂት ነበር። የእሷ አስተያየት በየሳምንቱ ይለያያል። የእሱ ሁሌ አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው። መሃሉ ትንሽ ረዘመ» ይላል። ከዚያ ማን እንደወደቀና እንዴት እንደወደቀ ይነግራታል። ሰው ሲወድቅ በጣም ይወዳል።

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የእንድሪስ ሳቅ የታወቀ ነው። እቤቱ ግን አይስቅም። ትርንጎ ጉድ ጉድ እያለች የምታወራውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ ትዕግሥት መሰላት። ቆይቶ ንቀት መሰላት። ከሁለት ዓመት ወዲህ በጀርባው በኩል ባለፈች ቁጥር የልቧን ጣል ታደርግበት ጀመር። «ግድግዳ ነው ያገባሁት» ትላለች ልብስ ልታሰጣ ስታልፍ። «የእናቴን ምክር ሰምቼ ቢሆን» ትላለች ባዶ ባልዲ ይዛ ስትመለስ። እሱ ሱፉን ይፈለፍላል። ይህ ዝምታው ከማንኛውም መልስ ይልቅ ያናድዳት ነበር።

እንግዳዋ የመጣች ዕለት እንድሪስ ወደ ሳሎን ሲገባ ውኃ የምታንጠባጥብ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘ። እጁን ዘረጋላት። «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ አገሩ ሰላም ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደህና?» አላት። ቤተሰቧ ከእሷ እየሸሸ እንደሆነ ነገረችው። ፀጉሯ አፏን ሸፍኖታል። እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ኋላ ለትርንጎ «እንግዳሽ ጥሩ ሰው ትመስላለች» አላት።

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ ተካልኝ መጣ። በር ላይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ፊልሙ ላይ የለችም» አለ።

«እዚህ ናት።»

አንገቱን አስግጎ አያት። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አቶ ተካልኝ» አለች እንግዳዋ።

አቶ ተካልኝ የቀረበለትን ወንበር ይዞ ነገሩን አስረዳ። «በር ዝጊ» እሷ የሌለችበት እየታየ ነው። ቤተሰቡ ባዶ ኮሪደር እያየ ይጮሃል። እናትየዋ ማንም ያላንኳኳውን በር በቁምሳጥን ትደግፋለች። አባትየው ማንም ሳይገፋው ከደረጃው ይንከባለላል። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ሁለት ሰዎች ዳይሬክተሩ ሊቅ ነው ብለዋል። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን ከእሑዱ አስፈሪ ወደ ቅዳሜው ኮሜዲ አዛውሮታል።

«ልመለስ እንዴ?» አለች እንግዳዋ።

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ ቲኬት ነው የምቆርጠው።»

«ለመሆኑ ያለ እሷ እንዴት ነው?» አለችው ትርንጎ።

«ጥሩ ነው» አለ አቶ ተካልኝ። «መሃሉ ትንሽ ረዘመ።»

የትርንጎ መርፌ ቆመ። አቶ ተካልኝን አየችው። እሱ ኮፍያውን እያደረገ ነበር። እስከ በር ሸኘችው።

ቅዳሜ ደረሰና እንድሪስ ፊልሙን አየ። ሲመለስ ዓይኑ በእንባ ርሷል። እራት ላይ ተነሥቶ ቆመ። አባትየው እንዴት ደረጃውን እንደሳተ፣ እጁ መጋረጃውን እንደጨበጠ፣ መጋረጃው ከነብረቱ እንደተከተለው በሰውነቱ እያሳየ አወራ። ወንበር ይዞ ተንበረከከ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ኮሜዲ አላየሁም» አለ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ትርንጎ ባሏን ሳሎኗ ውስጥ ሲስቅ ያየችው መቼ እንደነበር ትዝ አላላትም። ሳቀችለት። ደስ አላትና ወዲያው ደግሞ ከፋት፤ ለእኔ ነፍጎኝ ለባዶ ኮሪደር ሰጠው አለች በልቧ።

ስለ ረዘመው መሃል ግን ያን ቀን አላነሳም።

እንግዳዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ሳፋው ከወትሮው ቶሎ ሞላ። ትርንጎ በማግስቱ ውኃውን የጓሮው ጤና አዳም ላይ ደፋችው። ጤና አዳሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ አጥሩን አለፈ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቶች እንግዳዋን ሊጠይቁ መጡ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ሁሉም አስተያየት ይዞ ነበር። ከላይኛው ግቢ ያለችው ዘምዘም ከሁሉ ቀድማ መጣች። ልብስ ነጋዴ ናት፤ ሰው ሲያመነታ አትወድም።

«ቀሚስሽ ሰፋብሽ» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «ጠበብ ያለ ብታደርጊ ወገብሽ ይታያል። ደሙ ደግሞ ቀይ ወጥ ነው የሚመስለው። እኔ እያየሁ ራበኝ።»

«ደሙ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች እንግዳዋ።

«ይሁና። መናገርሽ ደግ ነው። መጨረሻውንም አልወደድኩትም። ሁላችሁም ሞታችሁ ልታልቁ ነው እንዴ? ሰው ከፍሎ ገብቶ አንድ እንኳ የሚተርፍ ሰው አያይም?»

ሌላው ጎረቤት መሃሉ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ግን ፊልሙ በጣም ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። አንዲት ሴት እሷ አስፈሪ ፊልም እንደማታይ፣ የጎረቤቷ ልጅ ነግሯት ግን መጥፎ መሆኑን እንደምታውቅ አስረዳች። አንድ አዛውንት ድሮ የሚሠራው ፊልም ይሻል ነበር አሉ። የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ አንዱንም አላየሁም አሉ። እንግዳዋ ሁሉንም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች፤ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። የሚሄደውን ሁሉ እስከ በር ሸኝታ አመሰገነች።

ቤቱ ጭር ሲል «በማን ቃል እንደማስተካክል ጠፋኝ» አለቻት ትርንጎን።

«ሁሉንም ልትሰሚ አትችዪም።»

«ባልሽ ስቋል። እሱን ባስደነግጠው ሌላው ቀላል ነው። ካልከበዳችሁ እሱ ላይ ልሞክር?»

ትርንጎ ልብሱን እያጠፈች አሰበች። በልቧ ትንሽ እንዲደነግጥ የፈለገች ይመስላል። «ልቡ ደህና ነው፣ ሞክሪ» አለቻት።

እኩለ ቀን ነበር። እንድሪስ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ሱፍ ይፈለፍላል። እንግዳዋ ሳትሮጥ፣ በበሩ ወጥታ፣ ከኋላው በቅርብ ርቀት ቆመች። አፏን ከፈተች። ጮኸች። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለው ጠፉ። የዘምዘም ቤት አንድ መስኮት ተሰነጠቀ። ከሆጤ ሰፈር ወዲህ ያለ ውሻ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ትርንጎ በረንዳው ላይ እንዳለች ምሰሶውን ያዘች።

እንድሪስ አንድ ፍሬ ሱፍ አፉ ውስጥ ጣለ። ልጣጩን እፍ አለው። ሌላ አነሳ።

እንግዳዋ ተመልሳ ገባች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯን ሳፋው ላይ ጨመቀች።

«ከዚህ የባሰ አስተያየት ተሰጥቶኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ።

ትርንጎ ገና በረንዳው ላይ ናት። ምሰሶውን እንደያዘች የባሏን ጀርባ ታያለች። ዶሮዎቹ ሰምተዋል። ውሾቹ ሰምተዋል። ቀስ ብላ ወደ እሱ ሄደችና እንግዳዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«እንድሪስ» አለች።

እሱ ሱፍ ፈለፈለ።

«እንድሪስ፣ ቤቱ እየነደደ ነው።»

ምንም የለም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች። «መኪና ይዘህ ሚሌ ስትወርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሩን እያየሁ ነበር የማድረው» አለችው። ጀርባው አልተነቃነቀም። አንድ እርምጃ ስትጠጋ ግን ጥላዋ እግሩ ሥር ደረሰ፤ ጥላውን አይቶ ዞር አለ። ፈገግ ብሎ ነበር።

«ምሳ ደረሰ?» አላት።

ያን ቀን ምሳ አልተሠራም። ትርንጎ ገብታ ከእንግዳዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣባት። ያ ሁሉ ክፉ ቃል አልደረሰውም፤ በዚህ ልቧ ቀለል አላት። ግን ደግሞ ደህናውም አልደረሰውም። እህቷ የታመመች ጊዜ ምድጃው አጠገብ ቆማ የነገረችው፣ ሳይመልስላት ቀርቶ ሳምንት ያኮረፈችው፣ እሱም አልደረሰው። ከባሏ ጋር ተጣልታ የታረቀችው ሁሉ ለብቻዋ ነበር።

«ይሄ ነው የሚያስፈራኝ» አለች።

«ምኑ?» አለች እንግዳዋ።

ትርንጎ በእጇ ግቢው ውስጥ ወዳለው የባሏ ጀርባ አመለከተች። እንግዳዋ ወደተጠቆመችው አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አየች።

እንድሪስ ምሳ ሲዘገይበት ራሱ ገባ። ትርንጎ ወንበር ሳበችለትና ፊቷን ወደ ፊቱ አድርጋ ተቀመጠች።

«"አማች በሻንጣ" የሚለውን ፊልም አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ። ጥሩ ነው። መሃሉ...»

«አማቲቱ ከሻንጣው ስትወጣ ምን አለች?»

እንድሪስ አሰበ። «ብዙ ነገር ነው ያለችው።»

«አንዱን ንገረኝ።»

«ሻንጣው ሲከፈት እኮ ፊቷ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እንግዳዋን አያት፣ ትርንጎን አያት፣ ከዚያ እጁ ላይ የቀረውን ሱፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሚሌ ቁልቁለት ላይ ነው የጀመረኝ» አለ። «አንድ ቀን ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም፤ ሌላው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ቅርብ ሆኖ ፊቱን ካየሁት ሰው የሚለው ይገባኛል። ሲኒማ ቤት ደግሞ የሰው ትከሻ አያለሁ። ትከሻ ሲነቃነቅ እስቃለሁ። ስወጣ ተካልኝን እጠይቀዋለሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ለደንቆሮ ሲናገር ይጮሃል። ሲጮህ ፊቱ ይቆጣል፤ ባይቆጣም ይቆጣል። ቤት ስገባ ያንቺን ፊት እንደዚያ ማየት አልፈለግሁም።»

ሳፋው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚሰማው ሁለት ሰው ብቻ ነበር።

«ከኋላዬ ስታልፊ አንዳንዴ ጥላሽ ይቆማል» አለ እንድሪስ። «የምትናገሪ ይመስለኛል። ምን ነበር የምትዪው?»

«ስለ ምሳ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ትርንጎ መቀነቷን ፈታ መልሳ አሰረችው። «አይደለም» አለች። ከዚያ ፊቱን እያየች፣ ከንፈሯን ማንበብ እንዲችል ቃል በቃል፣ ሁሉንም ነገረችው። ግድግዳውን ነገረችው። የእናቷን ምክር ነገረችው። ስለ እህቷና ስለ ሚሌው ሌሊትም ነገረችው። እንግዳዋ ጨዋ ናት፤ ነገሩ እስኪያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንድሪስ አላቋረጣትም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ «ድገሚው» አላት፤ ደገመችለት።

ስትጨርስ ጺሙን አሻሸ።

«ጥሩ ነው» አለ። «መሃሉ ትንሽ ረዘመ።»

ትርንጎ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ መያዝ አቃታት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያማት ሳቀች። እሱም ትከሻዋን ሲያይ ሳቀ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ጭራሽ ጥሎኝ ሄደ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳዋ ሳፋውን ራሷ አጥባ ግድግዳው ላይ አስደግፋ አገኟት።

«መመለሴ ነው» አለች። «የጎደለኝን አግኝቻለሁ።»

«ትንሽ ብትሰነብቺ» አለች ትርንጎ፤ እንደ ወጉ።

«ብዙ አስቸገርኩ።» ትርንጎን ጉንጯን ሳመቻት። ጉንጩ እስከ ቀትር ቀዝቅዞ ዋለ። እንድሪስ የቤት ጫማውን አውልቆ ሊሰጣት ፈለገ፤ እንዲህ ነው የለመድኩት አለችው። ቁልቁል ወደ ፒያሳ በእግሯ ሄደች። መንገዱ እርጥብ ሆኖ ቀረ።

«በር ዝጊ» ወደ እሑድ ተመለሰ። የሰው አስተያየት ተከፋፈለ። አንዳንዱ ኮሜዲው ይሻል ነበር አለ። አንዳንዱ ድምፁ ተበላሽቷል፣ ገንዘቤ ይመለስ አለ። ዘምዘም አንድ ጊዜ አይታ መጣች። ትርንጎ እንዴት ነበር ብትላት፣ ዘምዘም የዕቃ መደርደሪያዋን መወልወል ቀጠለች። አስተያየት አልሰጠችም። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

ትርንጎና እንድሪስ በመጀመሪያ አብረው የሄዱት ቅዳሜ ለኮሜዲ ነው። ፊቷን በስክሪኑ ብርሃን እንዲያይ በቀኙ ተቀመጠች። ተዋናዩ አንድ ነገር ሲል ወደ ፊቱ ዞራ ትነግረዋለች። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «እትዬ፣ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ስሙ ነው እንዴ የምትሉን?» አላት። አልመለሰችለትም። ቀልዱ ለእንድሪስ የሚደርሰው ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል እሱ ብቻውን ይስቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕዝቡ እሱን መጠበቅ ጀመረ። እሱ ሲስቅ ሁለተኛ ይስቃሉ። አቶ ተካልኝ በር ላይ እንዴት ነበር ሲለው፣ እንድሪስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሚስቱን አያት፤ ከዚያ «ፊልሙ ላይ ያለችው ሚስት ውሸታም ናት፣ ግን እውነቷን ነው» አለው። አቶ ተካልኝ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበርና አባባሉን ያዘው።

እሑድም አብረው ሄዱ። አዳራሹ ሞልቷል። ትርንጎ በቀኙ ተቀመጠች፤ ፈንዲሻውን በመካከላቸው አደረጉ።

ፊልሙ በፊት ከነበረው ተለውጧል። መስኮት የሚሰበር የለም፣ የሚሮጥ የለም። ቤተሰቡ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ምሳ ይበላል። ቀን ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ያበራል። ሴትዮዋ በበሩ ገባች። አልቸኮለችም። ከአባትየው ጀርባ ቆመች። ፀጉሯን ከፊቷ ላይ በሁለት እጇ ገለጠችው፤ ፊቷ ታየ፤ የማንም ሴት ፊት ነው። አፏን ከፈተች።

ድምፅ አልወጣም። አፏ ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ደረቷ ይርገበገባል፤ ድምፅ ግን የለም። አባትየው ጎርሶ ያላምጣል፤ የሚያላምጠውም አይሰማም። አዳራሹ ውስጥ ፈንዲሻ የሚያኝክ ሰው መንጋጋውን አቆመ። አንዲት ሴት ልታስል አፏን ሸፈነች፤ ሳሏም አልተሰማም። ትርንጎ የራሷን ትንፋሽ ለመስማት ሞከረች፤ አጣችው። ይህ ሆኖ ምን ያህል እንደቆየ ማንም በኋላ ሊስማማ አልቻለም።

እንድሪስ ብቻ ሁለት እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጫነ።

ፊቱ ተጨማደደ፤ ጎንበስ አለ። ትርንጎ ክንዱን ያዘችው። በስክሪኑ ብርሃን ፊቷን እንዲያይ ዞረችለትና በከንፈሯ ብቻ «ምን ሆንክ?» አለችው።

እንድሪስ አንድ እጁን ከጆሮው አንስቶ እጇን ጨበጠ። በጣም አጥብቆ ጨበጠው። ከዚያ ተናገረ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የተሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አትነሺ» አለ። «አንቺን ነው የምትጠራው።»

ከፊት ያሉት ሁሉ ዞረው ትርንጎን አዩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቤተሰብም ምግቡን ትቶ ቀና አለና ወደ እሷ አየ። ሴትዮዋ አፏን ዘጋች። የበሩን መጋረጃ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው። አባትየው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ፤ ልጆቹ ወደ እናታቸው ተጠጉ፤ አግዳሚው ላይ ለአንድ እንግዳ የሚበቃ ቦታ ወጣ።